ዶሮ የሚያርድ ክርስቲያን ፍለጋ

አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩን አስረዳቸዋለሁ ብለህ ረጅም መንገድ ተጉዘህ፣ ሰዎቹ በጨዋነት አዳምጠውህ፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው መርቀውህ፣ ግን አንዲት ነገር ሳትለወጥ ከቤታቸው ወጥተህ ታውቃለህ? እኔ ዘንድሮ በትምህርት ቤት የአጋማሽ ዕረፍት ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ሆኖብኛል። መምህር ነኝና ነገርን በተራው ማስረዳት እወዳለሁ፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

የሄድኩት በእናቴ ትእዛዝ ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ ወልዴ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ ድሬዳዋ ወርዶ በባቡር ጥገና ሲሠራ የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነበር። ከዚያ የመጣ አንድ የሰፈራችን ሰው ለእናቴ ሁለት ወሬ ይዞላት መጣ። አንደኛው፣ አጎቴ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ የሚተርፍ አይመስልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የእስላም ሥጋ በልቶ ማኅበርተኞቹ ለይተውታል የሚል ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ስትሰማ ዝም ብላ እንባዋን ጠረገች። በሁለተኛው ግን ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። «ወንድሜ ያለ ፍትሐት ሊቀበር ነው። ሂድና ከወገኑ አስታርቀው» አለችኝ። እኔም ተማሪዎቼን ግብረ ገብ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ፣ ወንጌል ከፍቼ ሳስረዳው የማይገባው ክርስቲያን አይኖርም ብዬ ተነሣሁ።

ከለገሃር እስከ ደቻቱ

ሊቶሪና የሚባለው ባቡር ከለገሃር የተነሣው ጎህ ሲቀድ ነው። በሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበር ላይ ከአንድ የበርበሬ ነጋዴና ጆንያዎቹ ጋር ተጣብቤ ተቀመጥኩ። እስከ ሞጆ ድረስ ብርዱ ጋቢ ያስለብስ ነበር፤ ናዝሬት ስንደርስ ጋቢዬን አጥፌ ቂጤ ሥር አደረግሁት። ከመተሐራ ወዲያ ምድሩ የተቃጠለ ይመስላል፤ ጥቁር ድንጋይ ሜዳውን ሞልቶታል፣ በመካከሉ ሣር የለም።

አዋሽ ጣቢያ ለምሳ ወረድን። ከሐዲዱ ዳር ዳስ ጥላ ወጥ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሁለት ድስት ጥዳ ነበር። ይህን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ክርስቲያን የሚበላው ክርስቲያን ያረደውን ነው፣ እስላምም እስላም ያረደውን። ከሌላው ቢላዋ የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ሴትዮዋ አንገቴን አየት አድርጋ «ማተብህን አይቻለሁ፤ ያንተ በቀኝ ያለው ድስት ነው» አለችኝ። ስትጨልፍልኝም «ፍየሎቹ ግን መንታ ነበሩ። እነሱን የጠየቃቸው የለም» ብላ መንገደኛውን አሳቀችው። ስሙኒ ከፍዬ በላሁ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ግራርና አቧራ ነው። ኤረር ላይ ልጆች ብርቱካን በቅርጫት ይዘው ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ። ድሬዳዋ የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከፀሐይዋ ጋር አልወረደም። ጋሪ ተሳፍሬ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ አለፍኩ። ደቻቱ ስንደርስ መንኰራኩሩ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ስለሰጠመ ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ። ከቀፊራ ገበያ የሚመለሱ ግመሎችና አህዮች ያንኑ አሸዋ እያቦነኑ ይሻገሩ ነበር።

የሐሊማ ግቢ

አጎቴ የተከራየው ከደቻቱ ማዶ፣ ሐሊማ በምትባል ሶማሌ ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። ሐሊማ በቀፊራ ቅመም ትሸጣለች። በሩን ስትከፍትልኝ ፊቴን ትኩር ብላ አይታ «የእህቱ ልጅ ነህ። አፍንጫህ ነገረኝ። ግባ፤ ግን አፍህን በጋቢህ ሸፈን አድርግ። እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ሻይ፣ ዳቦና ተምር አቀረበችልኝ። «ሥጋ አላቀርብልህም፣ አትስጋ። አንድ ሰው ይበቃናል» ብላ ፈገግ አለች።

በሽታው ሲጠናበት ከኪራይ ክፍሉ አውጥታ፣ ነፋስ ወደሚያገኘው ወደ ራሷ ቤት አዛውራዋለች። አጎቴን በስሜ ባይጠራኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ የቀረው ዓይንና አጥንት ነው። ጉዳዬን ሳልጨርስ ገባው። ፍላጎቱ አንድ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በሚስቱ ጎን መቀበር። ለዚህም መጽሐፈ ቄድር ተነቦለት፣ ማለትም ከሃይማኖቱ ወጣ የተባለ ሰው የሚመለስበት ጸሎት ተደርሶለት፣ በውኃው ለመጠመቅ ፈቃደኛ ነው። «አንድ ነገር ግን አለ» አለኝ። «ረክሼ ነበር በል ይሉኛል። ነፍሴን ያቆየችውን ሾርባ፣ በሐሊማ ፊት ርኩስ ነው አልልም። ሌላውን ሁሉ እሆንላቸዋለሁ።»

የሾርባውን ነገር ሐሊማ በጓሮ ነገረችኝ። የጤና ረዳቱ የዶሮ ሾርባ ካላገኘ ይደክማል ስላላት ዶሮውን የምትገዛው ራሷ ነበረች። ሕጋችንን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ጎረቤት የነበረ አንድ ክርስቲያን የባቡር ሠራተኛ እየመጣ ያርድላት ነበር። እሱ ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ችግር መጣ። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም፤ የክርስቲያን ሴት እንኳ ወንድ ከቤት ከሌለ ዶሮዋን ይዛ ደጅ ትቆምና አላፊውን «በሥላሴ ስም ባርክልኝ» ትላለች። ሐሊማም እንደዚያው ልታደርግ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ደቻቱን ተሻገረች፤ ወደ አጎቴ ማኅበርተኞች ቤት ሄደች።

አንደኛው ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሻለሁ፣ ደም ይነካኛል አላት። ሁለተኛው ከበር ሳይወጣ፣ ሕፃን ስላለን ከዚያ ቤት የመጣ ነገር አልነካም አላት። «የሚያስለው እሱ ነው፣ ዶሮዋ አትስልም» ብትለውም በሩን ዘጋ። በሦስተኛው ቤት ሠራተኛዋ ወጥታ ጌታዬ የሉም አለቻት፤ ጌታዋ ግን ከውስጥ ውኃ ሲጠይቅ ይሰማ ነበር። ሐሊማ በቀትር ተመለሰች። አጎቴ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፉ አልዞረም ነበር። የሐሊማ ወንድም ዶሮዋን በእስልምናው ሥርዓት አረዳት። ከማብላቷ በፊት ማን እንዳረዳት ለአጎቴ ነገረችው። እሱም አማትቦ በላ።

ይህን ነገር ራሷ ናት በገበያ ለአንዲት ክርስቲያን ደንበኛዋ ያወራችው። «ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ» አለችኝ። ወሬው ሳይመሽ ከዚራ ደርሶ ነበር።

ጽዋው ሲዞር

እንደ ዕድል ሆኖ የማኅበሩ ቀን ቀርቦ ነበር። የተሰበሰቡት በማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም በአለቃው፣ በአቶ ዘለቀ ቤት ነው። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ የእንግዳ ክፍል ያለው ቤት ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ጽዋው በጸሎት ተከፈተ። በጌታ ስም የሚጠጣ ማኅበር ስለሆነ፣ ጌታ በነዳያን ተመስሎ ይመጣል በማለት ከሁሉ አስቀድሞ ለደጅ ድሆች ድርሻቸው ወጣላቸው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም።

እንድናገር ፈቀዱልኝ። እንደ ልማዴ ነገሬን በሦስት ከፍዬ ተናገርኩ። መጀመሪያ ጌታ ከማን ጋር በማዕድ እንደተቀመጠ አነሣሁ። ቀጥዬ ስለ ደጉ ሳምራዊ አስታወስኳቸው። በመጨረሻም በፍርድ ቀን የሚጠየቀው የታመመን ስለመጠየቅ፣ እንግዳን ስለመቀበል መሆኑን ከወንጌሉ አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ አናጢ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። ስጨርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ መረቁኝ። የዶሮዋንም ነገር አነሣሁ። አቶ ዘለቀ አልካደም፤ «መምህር፣ እውነት ነው፣ መጥታ ነበር። ቤቴ ሙሉ ልጅ ነው። ፈራሁ» አለ። ፊቱ ቀላ።

ከዚያ የአጎቴ የንስሐ አባት መምሬ ክንፈ በለሰለሰ ድምፅ «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም ልጄ» አሉ። «ቄድሩን እደርስለታለሁ። ነገር ግን በእስላም ቤት አይሆንም። ወደ ክርስቲያን ቤት አውጡትና በማለዳ እመጣለሁ።»

«ወደ ማን ቤት እናውጣው?» ብዬ ጠየቅሁ።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም እኩል ሲያወራ የነበረበት ቤት ጸጥ አለ። አንዱ ዋንጫውን አዞረ። አናጢው እንባውን የጠረገበትን ነጠላ ጫፍ ማጠፍ ጀመረ። አቶ ዘለቀ ወደ እንግዳ ክፍሉ በር አይቶ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። በመጨረሻ ከጥጉ የተቀመጠ አንድ ሰው «ለመግነዙስ ማኅበሩ አለለት። መግነዝ አንነፍገውም» አለ። «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ ሌሎቹም፤ ደረታቸው ቀለል ሲላቸው ይታያል። ጽዋው እንደገና ዞረ።

በማግሥቱ እስከ ሳቢያን ሰፈር ድረስ እየዞርኩ ክፍል የሚያከራይ ክርስቲያን ፈለግሁ። ሁሉም የሚገባው ማን ነው ይሉኛል፤ ስነግራቸው ክፍሉ ተይዟል ይላሉ። አዲስ አበባ እንዳልወስደው ጤና ረዳቱ ባቡሩን አይችልም ብሏል።

ዕቃው ወጣ

ባዶ እጄን ስመለስ ሐሊማ እያጠበች ነበር። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ሰማችኝና «እኔ ከወጣሁ ቤቱ የማን ነው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ «የሱ ነው» አለች። «እሱ ደግሞ ክርስቲያን ነው። ሂድ፣ ቄሱን ጥራ።»

ከዚያ የስግደት ምንጣፏን፣ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያዋን፣ ድስቶቿን፣ ከግድግዳው ላይ የቁርዓን ጽሑፏን አውጥታ በግቢው ጥግ ቆለለች። አልጋዋንም ብቻዋን እየጎተተች አወጣች። ላግዝሽ ብላት «አንተ የሱን ቤት ጥረግ» አለችኝ። መምሬ ክንፈ ይህን ስነግራቸው «እመጣለሁ» አሉ።

በማለዳው ከአቶ ዘለቀ ጋር መጡ። አቶ ዘለቀ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ከዕቃው ቁልል አጠገብ ቀረ። ውኃው ቀረበ፣ ጸሎቱ ተነበበ። «ረክሼ ነበር» በል ሲባል አጎቴ ዝም አለ። ሁለተኛም ጠየቁት። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። እህቷ ቤት ሄዳለች ያልናት ሐሊማ ከዕቃዋ ቁልል ጀርባ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ኖሯል።

«አቦ፣ በለው ወልዴ» አለች። «በልና ሚስትህ ጎን ተኛ። እኔ እንደሆን አልሰማሁም።»

አጎቴም ቃሉን አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን ሁላችንም ሰማን። መምሬ ክንፈ በውኃው አጠመቁት። ውኃው ገና ከፊቱ ሳይደርቅ አጎቴ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሐሊማ ዕቃዋን መልሳ አስገባች፣ ሾርባም አመጣችለት። በዚህ ጊዜ ዶሮውን ያረደው ክርስቲያን ነበር፤ እኔ ነኝ። አጎቴ ግን አልበላም፣ ፊቷንም አላየም። «ምን በደልኩህ?» ብትለው «አንቺ ምንም» አላት፤ ከግድግዳው ሳይዞር። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም።

ቀብሩ የሞቀ ነበር። ማኅበርተኛው አንድም ሳይቀር መጣ፤ ቃሬዛውን ለመሸከም ተሻሙ። ፍትሐቱ ተደረሰ፣ በሚስቱም ጎን ተቀበረ። ሐሊማ ከጎረቤቶቿ ጋር እስከ ቅጥሩ ድረስ ሸኘችውና ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በሐዘኑ ድንኳን አቶ ዘለቀ ተነሥቶ «ማኅበራችን የጠፋውን በግ ፈልጎ መለሰ» አለ። ሁሉም አሜን አሉ። አቶ ዘለቀ ሲናገር እያለቀሰ ነበር፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም። ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

መመለስ

አዲስ አበባ ስደርስ እናቴ በደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከሚስቱ ጎን መቀበሩን ስነግራት ተመስገን ብላ መሬት ሳመች። ቀጥላም «በማን ቤት ሆኖ ነው ቄድር የተጠመቀው?» አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ባጭሩ ልናገር። እኛ የዛሬ ክርስቲያኖች የጌታን ትምህርት አላወቅንም ብዬ ነበር የሄድኩት። አውቀነዋል። ደግመን እናነባለን፣ ሰምተን እናለቅሳለን፣ በስሙም ዳቦ ቆርሰን ለድሃ ከደጅ እናወጣለን። ድሃው ከደጅ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን እንፈራለን። ለዚህ ፍርሃት እኔ የማስረዳበት ቃል አላገኘሁለትም፤ ግብረ ገብ ሳስተምርም እንደ ድሮው አፌ አይፈታልኝም።

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር እንድትሞክር እለምንሃለሁ። ማኅበርህ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ከእናንተ መካከል ታሞ ብቻውን የተኛውን ሰው ስሙን ጥራና «ዛሬ ወደ ማን ቤት እንውሰደው?» ብለህ ጠይቅ። ከጠየቅህ በኋላ ምንም አታስረዳ። ጸጥታው ቢከብድህም ታገሠው፤ ታግሠህም ካልቻልህ ስትናገር የራስህን ቤት ጥራ።