በ«ጥሩ» እና በ«መካከለኛ» መካከል

ሴቪል በታብሪዝ የሕንጻ ተቋራጮች ማኅበር ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። በየሦስት ወሩ መጠይቋን ይዛ ከተቋራጭ ወደ ተቋራጭ ትዞራለች። «የሚመጡት ወራት እንዴት ይታዩዎታል?» ትላለች፤ መልሱን ከ«በጣም መጥፎ» እስከ «በጣም ጥሩ» ከተደረደሩት ቃላት በአንዱ ላይ ታሰፍራለች። ከዚያ ስሌቱ ይረከባታል። ይህ ስሌት ቃልን እንደ ድንጋይ አይቆጥረውም። ንጋት ከፊሉ ሌሊት፣ ከፊሉ ቀን እንደሆነ ሁሉ፣ «ጥሩ» ያለ ሰውም በከፊል ጥሩ፣ በከፊል መካከለኛ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ የከተማው ገንቢዎች ሁሉ ልብ ተጨምቆ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መካከል አንድ ቁጥር ይወጣዋል፤ ወደ አንድ በቀረበ መጠን ተስፋው ብሩህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለጥርጣሬ ቦታ የሚተው ሒሳብ መኖሩን ስትሰማ በደስታ እንቅልፍ አጥታ ነበር።

ታብሪዝ ላይ ግን «እንዴት ነው?» የተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ ተመስገን፣ ጥሩ ነው። ሌላ የመለሰ ምስጋና ቢስ ይባላል፤ በማግስቱ መክሰሩ በየሻይ ቤቱ ይወራል፣ ሲሚንቶ አቅራቢውም ስልኩን አያነሳለትም። ስለዚህ ክሬኑ ሥራ ካቆመ መንፈቅ ያለፈው እንኳ ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ሻዩን ፉት እያለ «ጥሩ» ይላል። ሴቪልም «ጥሩ» ብላ ትጽፋለች። ያልተባለ መጻፍ አይፈቀድላትም፤ ማን ምን እንዳለ ማውጣትም እንዲሁ።

በዚህ ጸደይ ተራው የአባቷ፣ የአንጋፋው ግንበኛ የኡስታ ያቁብ ሆነ። የአምናው ሕንጻቸው ግማሹ ገዢ አላገኘም። አሁን ደግሞ እሷ የተወለደችበትን፣ በግቢው ላይ የወይን ሐረግ የተዘረጋበትን ቤት አፍርሰው ባለ አምስት ፎቅ ሊሠሩ ያመነታሉ። ሠራተኞቻቸው ከበው ስለቆሙ እንደ ማንም ተቋራጭ «እርስዎ» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተመስገን፣ ጥሩ ነው። ጻፊው ልጄ» አሉ።

አንዱ ግንበኛ ለአባቷ «በጣም» የምትለዋን ቃል እንዳትሰስት ብሎ ቀለደባት። ሁሉም ሳቁ። አባቷ የሳቁት ዘግይተው ነው።

ቁጥሩ በጋዜጣ ወጣ፤ ዜሮ ነጥብ ሰባት አንድ። ኡስታ ያቁብ ቁርስ ላይ ጋዜጣውን ዘረጉላት።

«አየሽ፣ የሁሉም ሰላም ነው። የጨለመብኝ እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ የፈራሁት በከንቱ ነው፤ ቅዳሜ ይፈርሳል።»

ሴቪል ዳቦውን መልሳ አስቀመጠች። የሌሎቹን መልስ መንገር አትችልም። የአባቷን መልስ ለአባቷ መንገር ግን ማን ይከለክላታል? ይህ የታያት ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤክስካቫተሩ በራቸው ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

«አባዬ፣ ጥሩ ነው ስትለኝ ከአሥር ስንት እጁ እውነት ነበር?»

መሬት መሬት አዩ። «ሦስት። ቢበዛ ሦስት።»

«እኔ ግን ጥሩ ብዬ ነው የጻፍኩት። ዜሮ ነጥብ ሰባት አንዱ ውስጥ አንተም አለህ።»

ኡስታ ያቁብ ቀና ብለው መንገዱን አዩ። የማዶው ክሬን አይንቀሳቀስም። ከእሱ ወዲያ ያለውም አይንቀሳቀስም። አንድ በአንድ እስከ መንገዱ ጫፍ በዓይናቸው ቆጠሯቸውና የሁሉም «ጥሩ» እንደ እሳቸው መሆኑ ገባቸው።

ጎረቤቱ ግን በየመስኮቱ ብቅ ብሏል። የማዶው ተቋራጭ በረንዳው ላይ ሻዩን ይዞ ቆሟል።

«ኡስታ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ሥራ እንዴት ነው?»

ሴቪል የአባቷን እጅጌ ያዘች።

«ተመስገን» አሉ አባቷ፣ «ጥሩ ነው። ያንተስ?»

«ተመስገን፣ ጥሩ ነው።»

ኡስታ ያቁብ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ለኤክስካቫተሩ ሹፌር ምልክት ሰጡ። መጀመሪያ የወደቀው የወይኑ ሐረግ ነው።