የወይዘሮ ድራሆሚራ ግማሽ አውሮፕላን

አውሮፕላኗ ሁለት ወንበርና ሁለት ባለቤት ነበራት። አንደኛው ባለቤት የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ሂኔክ ነው፤ ሁለተኛው አርኖሽት፣ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ። ጓደኛሞች አልነበሩም። አንድ ሙሉ አውሮፕላን ለመግዛት አቅም ያነሳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩና በዚያ ተገናኙ፤ ቅዳሜ የአንዱ፣ እሑድ የሌላው ሆነ። በአንድ መስከረም ሂኔክ አንድ ሳጥን ፖም ተሸክሞ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ደረጃው ላይ ልቡ ቀጥ አለች። ሐኪም ሲደርስ አልፎ ነበር።

እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው የሣር ሜዳ ዳር ያለችውን ቢራ ቤት ነው የምይዘው። አብራሪዎቹ ሲነሡም ሲያርፉም ከመስኮቴ አያቸዋለሁ፤ ካረፉ በኋላ ደግሞ የሚሉትን እሰማለሁ። ከቀብሩ በኋላ ሁላችንም የጠበቅነው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ ድራሆሚራ ድርሻዋን ለአርኖሽት ትሸጥለታለች፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሌላ ነገር የምንጠብቅበት ምክንያት አልነበረንም። ከአሥር ዓመት በላይ ከባሏ ቀኝ ተቀምጣ ስትበር አንድም ቀን መሪውን ስትነካ ያያት የለም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትገባለች፤ ቦርሳው ውስጥ የአሳማ ስብ የተቀባ ዳቦ፣ ሽንኩርትና የሹራብ ክር አለ። ሲነሡ የጀመረችው ካልሲ ሲያርፉ ተረከዙ ላይ ደርሶ ይገኛል።

ሥራዋ በማዕድን ውሃ መታከሚያዋ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለምትውል ፊቷ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ብዙ አትናገርም። የምትናገረውን ደግሞ የምትደግመው አይመስልም፤ መጀመሪያ ካልሰማህ አለቀልህ።

ብርዱ ሲገባ አርኖሽት ራሱ ያወጣውን የፕለም አረቄ ይዞ ቤቷ ሄደ። ያኔ አንቱ ይባባሉ ነበር። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች አብረው ጽዋ አንሥተው አንቱታውን እስኪያወርዱ ድረስ ዕድሜ ልካቸውን በአንቱ ይኖራሉ፤ እነሱ ደግሞ ጽዋ የሚያነሡበት አጋጣሚ አላገኙም። የተባባሉትን በኋላ ሁለቱም ነግረውኛል፤ የእሷ ያጥራል።

«ወይዘሮ ድራሆሚራ፣ የሟቹን ድርሻ እኔ ልውሰድልዎት።»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉበታል?»

«እስከ ዛሬ ያደረግሁበትን። እቀመጥበታለሁ።»

አርኖሽት ሐዘን ያናገራት ነገር ነው ብሎ ተወው። ፋሲካ እስኪደርስ ይወጣላታል ብሎ ጠበቀ። ከፋሲካ በኋላ ግን ድራሆሚራ ሜዳው ድረስ መጥታ አሠልጣኙን ኦታካርን መብረር ያስተምሩኝ አለችው። ኦታካር ድሮ በእርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ ነው። በዚህ ዕድሜዎ ምን አሳሰበዎት ብሎ ጠየቃት፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«በቀኝ በኩል ያለውን አገር ሁሉ አውቀዋለሁ» አለችው። «የግራውን አላየሁትም።»

ጎበዝ ተማሪ አልሆነችም። መነሣቱ፣ መዞሩ፣ ካርታ ማንበቡ አላስቸገራትም፤ ችግሩ ማረፉ ላይ ነው። መሬቱ ገና ሳይቀርባት የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና ታደርጋለች፤ አውሮፕላኗም ፍጥነቷ ያልቅና እንደ ጆንያ ዱብ ትላለች። ኦታካር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «ወይዘሮ፣ ሜዳው እዚያው ነው፣ አይሸሽም። ዝቅ ብለው ይጠብቁት» ይላታል። አርኖሽት በረንዳዬ ላይ ቢራውን ይዞ ይቀመጥና፣ ዱብ ባለች ቁጥር የራሱ ጀርባ የተመታ ይመስል ይኮማተራል።

«የኔን ግማሽ ነው የምትሰብረው» አለኝ አንድ ቀን።

«የትኛው ነው ያንተ ግማሽ?»

«ሁሌ መሬት የሚመታው።»

ልጇ ብላንካ ኦሎሞውትስ ከተማ የጥርስ ሐኪም ናት። ወሬውን ስትሰማ ደውላ ብዙ ተናገረች። እናትየው አዳምጣ ስትጨርስ፣ አባትሽ ሲበር አንድ ቀን ደውለሽ አታውቂም አለቻት። ከዚያ ወዲያ ብላንካ ለረጅም ጊዜ በስልክ የምታነሣው ስለ አየሩ ብርድና ሙቀት ብቻ ሆነ።

ትምህርቱ ሁለት በጋ ፈጀ። በሁለተኛው በጋ፣ ሣሩ ገና ጤዛ እንዳለበት ኦታካር ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና በሩን ዘጋባት። ዞረው ይምጡ ብሏት ሄዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አውሮፕላኗ የእሱ ክብደት ሲቀርላት ከወትሮው እጅግ ቀድማ ከመሬት ተላቀቀች። አንድ ጊዜ ዞረች፤ አረፈች፤ ዱብ አላለችም። በእኛ ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የበረ ሰው ጎንበስ ይላል፣ የተሰበሰበውም መቀመጫውን በጥፊ ይመታዋል። የልብስ ማጠቢያ ኃላፊዋን ማን ይምታት? ኦታካር በቆቡ ነካ አደረጋት። አርኖሽት ግን «ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ፣ ልማድ ነው» ብሎ የሁለት ዓመት ዱብታ ያጠራቀመበትን ያህል መታት።

ያን ቀን ስለ ሂኔክ አንድ ነገር ትላለች ብለን ጠብቀን ነበር። አላለችም። እዚያ ላይ ሆና ያሰበችው ቼሪውን ምድጃ ላይ ጥዳ ረስታው መጥታ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ቢራዋን ስታጋምስ ግን «እዚያ ላይ ማንም ምንም አልጠየቀኝም» አለች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዋን የሚነካባት አልነበረም። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ ባዶዋን አንድ ሰው እየገፋ ከመጋዘን ያወጣታል። የምትጠጣው ተራ የመኪና ቤንዚን ነው፤ በሰዓት አሥራ ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፤ በዚያ አንድ ሰዓት ደግሞ መኪና በተራራው መንገድ ሁለት ሰዓት የሚታገልበትን አገር ታቋርጣለች። ድራሆሚራ ዓርብ ማታ ከሥራ ስትወጣ ማደያው ጋ ቆማ ሁለት ጀሪካን ታስሞላለች። አዲሱ ቀጂ ለሣር ማጨጃ ነው ወይ ብሎ ጠይቋት፣ አዎ፣ ብዙ ሣር ነው ያለኝ አለችው። የአርኖሽት አሮጌ መኪና ገበያ ደርሳ ለመመለስ በምትፈጀው ቤንዚን እሷ ስሎቫኪያ ገብታ የበግ አይብ የገባበት የድንች ቂጣ በልታ ትመጣለች። ይህን ለአርኖሽት ሳትነግረው ያለፈችበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ደስታዋ ይኸው ነበር፤ ትልቅ ነገር አልነበረበትም። ከአንዱ የሣር ሜዳ ወደ ሌላው የሣር ሜዳ ትሄዳለች። አንዱ ጋ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ፣ አንዱ ጋ የተጠበሰ ካርፕ ዓሣ አለ። ከዳኑብ ወንዝ ወዲያ ማዶ ካለ የኦስትሪያ ገበሬ አንድ ቅርጫት አፕሪኮት ገዝታ በባዶው ወንበር ላይ በቀበቶ አስራ አመጣች። በጋ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ አየሩ እንደ ኩሬ ውሃ ይረጋል፤ ያኔ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ከሞራቫ ወንዝ ጋር እየተጠማዘዙ መሄድ ይቻላል። ሌላ ሰው ስለዚህ ግጥም ያወራ ይሆናል። እሷ ግን «ዛሬ ዝም ያለ ነበር» ትላለች። ስትመለስ ክንፉ ላይ የተለጠፉትን ነፍሳት ከሆቴሉ በተጣለ የአንሶላ ቁራጭ አንድ በአንድ ትጠርጋለች። እሑድ ጠዋት አርኖሽት የሚያገኘው አውሮፕላን ከሳህን የጸዳ ነው።

ምስጋናው ግን ሌላ ነበር። ወንበሩን ወደ ፊት ስባ ስለምትተወው ጉልበቱን ሲገባ ይመታዋል። እሱ ደግሞ ዘይት የነካው ጨርቅ ወንበሯ ሥር ጥሎላት ይሄዳል። ሁለቱም አቤቱታቸውን ለኔ ነው የሚነግሩኝ። «ለአቶ አርኖሽት ንገርልኝ» ትለኛለች፤ «ለወይዘሮ ንገርልኝ» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ የአርኖሽት ዓይን ታመመ። ዳር ዳሩን ያያል፤ መሃሉ ላይ ግን ጭስ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። የመረመረችው ሐኪም ከእንግዲህ መብረር የለም አለችው። መጥቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ቢራውን አልነካም። ድርሻዬን እሸጣለሁ፣ ገዢ ፈልግልኝ አለኝ። ይህን ለድራሆሚራ ስነግራት ጀሪካኑን ወደ አውሮፕላኗ የነዳጅ ጋን እየገለበጠች ነበር። ጨርሳ ክዳኑን አጠበቀችው።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይምጣ በለው» አለች። «ቁርሱን በልቶ።»

መጣ። በቀኝ ወንበር ተቀመጠ፤ ግን ከሁለቱም እንደሰማሁት እንደ እሱ ያለ መጥፎ ተሳፋሪ የለም። ሞተሩን በጆሮው ይከታተላል፣ ከፍታውን ይጠይቃል፣ እግሩ ሳያስበው ፔዳሉን ይረግጣል። እንዲህ አንድ ሙሉ በጋ አብረው በረሩ፤ አሁንም በአንቱ።

በተከታዩ ሚያዝያ ከስሎቫኪያ ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ የጎን ነፋስ ተነሣ። ቢራ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ አብራሪዎቹ ሲቃረቡ የሚሉትን ሁላችንም እንሰማለን። ነፋሱ ከዛፎቹ በላይ ሲያገኛቸው አንዱ ክንፍ ተነሣ። አርኖሽት ማየት አልቻለም፤ መንጋደዱን ግን በወገቡ ተሰማው፤ እጁን ልኮ ከፊቱ ያለውን መሪ ጨመደደ። የእሷ ጣት የሬዲዮው መናገሪያ ቁልፍ ላይ ነበር።

«እጅህን አንሣ!»

ቤቱ ሙሉ ሰማ። ማንኪያ የያዘ ሁሉ አስቀመጠ። አውሮፕላኗ ከሜዳው በላይ ዝቅ ብላ አለፈች፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ተመልሳ ወጣች። ዞራ እንደገና መጣች። በአንድ ጎማ ነካች፣ ነጠረች፣ በሁለተኛው ተቀመጠች። የሚያምር ማረፍ አልነበረም፤ የተሰበረ ነገር ግን አልነበረም። ሁለቱ ወርደው ወደ መጋዘን ገፏት።

ወደ ቢራ ቤቱ ገቡ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«አንተ አልሽኝ።»

«ነፋስ ነበረ።»

«ደግ አደረግሽ። መሪውን እንደያዝኩት ብቆይ ዛፉ ላይ ነበርን።»

ድራሆሚራ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳውን አንተ ነህ የምትይዘው» አለች። «በሁለት እጅህ።»

ሳልጠየቅ የፕለም አረቄውን ቀዳሁ። እንደ ደንቡ ብርጭቆ አጋጭተው እያንዳንዳቸው ስማቸውን ተናገሩ፤ «ድራሆሚራ» አለች፣ «አርኖሽት» አለ፤ ዛሬ ገና የተዋወቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ሳቅሁ፤ ሁለቱም ክፉኛ አዩኝ።

ከዚያ ወዲያ በርቀት መሄድ ጀመሩ። በበጋው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቤንዚን ቀድተው እስከ አድሪያቲክ ባሕር ወርደው ሰርዲን በልተው መጡ። አድረው ስለመጡ መንደሩ ተንሾካሾከ። ብላንካ ራሷ ከኦሎሞውትስ መጥታ፣ እዚሁ ቢራ ቤት ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ሰውየው ምንሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ግማሽ አውሮፕላን አለው» አለች ድራሆሚራ።

ብላንካ መልሱ እንዳልሆነላት ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን እናቷ አንድ ዙር ወሰደቻት። ስትወርድ ለልጆቿ የምታሳየው ፎቶ ብዙ አንሥታ ነበር።

የአርኖሽት ጭስ እየሰፋ ሄዷል። አሁን የአውሮፕላኗን መለኪያዎች ማንበብ ቀርቶ ክንፉን ለይቶ አያይም። ስለዚህ ይጠይቃታል፣ እሷም ትነግረዋለች፤ ግን ነገር ማሳመር አልተሰጣትም። ጫካ። መንገድ። ላሞች። ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሪያው እየተሠራ። እሱ ይህን ሰምቶ የት እንዳሉ ይገምታል፤ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ ሲሳሳት አታርመውም፣ ዝም ትላለች፤ በዝምታዋ ያውቃል። ድርሻውን መሸጥ ዳግመኛ አላነሣም። ድራሆሚራ ከሆቴሉ ጡረታ ስለወጣች አሁን ማክሰኞም ሐሙስም ይበራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ትራውት ዓሣ ለመብላት ሄደው ዝናቡ ሳይደርስ ተመለሱ። አርኖሽት ሲገባ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ ምን አገኘህ አልኩት።

«ከታች ምን አለ ስላት፣ ደመና አለች። ከደመናው ሥርስ ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለችህ?»

«‹አላውቅም፣ እኔም አይታየኝም› አለችኝ።» ወንበሩን በእጁ ፈልጎ አገኘውና ተቀመጠ። ከዚያ ትኩስ ሾርባ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።