የኦቾሎ ቁልቁለት ንቦች

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር ሞተር የምትነዳ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ማርታ ናት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ በሰጣት ቀይ ሞተር ሳይክል ጠዋት ከሰፈራችን ከሲቀላ ትወጣና በየቀበሌው እየዞረች ከብት ስትከትብ ውላ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ገና ከገበያው ጥግ ስትታጠፍ ድምፁን ስለምንለየው በር ለመክፈት እንሽቀዳደም ነበር። ስትገባ ቤንዚን፣ አቧራና የበረት ሽታ አብሯት ይገባል፤ ለእኔ ያ የአክስቴ ሽቶ ነበር። አብራን የምትኖረው አያቴ ግን ልጇ ሞተር ላይ መቀመጧን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም። ማለዳ ጓሮ ወጥታ በጋሞኛ ስትጸልይላት እሰማለሁ። እኔ ከተማ ያደግኩ ልጅ ስለሆንኩ ከዚያ ሁሉ ጸሎት ጥርት ብሎ የሚገባኝ ቃል "ሞተር" የሚለው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አልፎ አልፎ ይዛኝ ትሄዳለች። ባጃጅ ከተማውን እንዲህ ሳይሞላው በፊት፣ ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጦ በጓደኞች ፊት ማለፍ ቀላል ክብር አልነበረም። ሄልሜቱ ስለሚሰፋኝ ውስጡን ሻሽ ትጠቀጥቅልኛለች። የክትባት መድኃኒቱን የያዘችው የበረዶ ሳጥን በእኔና በእሷ መሃል ትቀመጣለች፤ ሳጥኗን አቅፎ መያዝ የእኔ ሥራ ነው። በኩልፎ ወንዝ ዳር ባሉት የሙዝ ማሳዎች በኩል ስናልፍ እርጥብ አየር ይቀበለናል። ከዚያ ሙቀቱ ይጀምራል፤ በስተቀኝ አባያ ሐይቅ ጭቃ መስሎ ተዘርግቶ፣ በስተግራ የጋሞ ተራሮች።

መኪና መስታወት አለው፤ ሞተር ላይ ግን የሚበር ነገር ሁሉ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። ጥንዚዛ ግንባር ላይ እንደ ጠጠር ይመታል። ትንኝ ዓይን ውስጥ ይገባል። ንብና ተርብ ደግሞ በእጅጌና በኮሌታ ሾልከው ይገቡና መውጫው ሲጠፋቸው ይናደፋሉ። ስለዚህ አክስቴ ገና በመጀመሪያው ጉዟችን ሕግ አወጣችልኝ።

"ሰሊ፣ ንብ ከገባችብሽ እንዳትጮኺ፣ እንዳትወራጪ። ጀርባዬን መታ መታ አድርጊኝ፣ እኔ እቆማለሁ። እኛን የሚገድለን የንቧ መንደፍ ሳይሆን መውደቁ ነው" አለችኝ።

አንድ ቀን እውነትም አንዷ አንገቴ ላይ ነደፈችኝ። እንባዬ እየወረደ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ። ቀስ ብላ ፍሬን ይዛ ሞተሩን ዳር አወጣችውና ኮሌታዬን ገለጥ አድርጋ መውጊያውን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። በሁለት ጣት ቆንጥጦ መንቀል መርዙን ወደ ውስጥ መጭመቅ ነው ትል ነበር። ከቦርሳዋ የማይጠፋውን ሽንኩርት ገምሳ አሸችልኝ። ማታ አያቴ እብጠቱን አይታ አክስቴን ስትቆጣት "እማዬ፣ ንብ እቤት ቁጭ ያለንም ሰው ትነድፋለች እኮ" ብላ አሳለፈችው።

ሌላ ቅዳሜ ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ መንደር ወጥተን ነበር። ሽፈራው ዛፍ ሁሉ ነጭ አበባ አውጥቶ መንገዱ ሁሉ ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ላይ ስንደርስ ሰዎች ከብቶቻቸውን አሰልፈው ጠበቁን። አክስቴ ስትከትብ እኔ ከሳጥኑ ብልቃጥ እያወጣሁ አቀብላት ነበር። ሲያልቅ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራውን ኩርኩፋ በትኩሱ አቀረቡልን፤ ጎመኑ ያልበሰለ መስሎኝ ነበር፣ ግን ሰሃኑን ጠረግኩት። ቁልቁል መመለስ ስንጀምር ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራለች። አክስቴ ሞቋት ጃኬቷን አውልቃ ፊት ለፊቷ መሪው ላይ ጣል አደረገችው። በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ቀረች።

በኋላ እንደሰማነው፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ግራር ላይ የተሰቀለ ቀፎ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ከነንቡ ወድቆ ኖሯል። እኛ ይህን አላወቅንም። መታጠፊያውን እንዳለፍን ከፊታችን አየሩ የጠቆረ መሰለኝ፤ ጭስ ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ንቡ ሄልሜቴ ላይ እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። አክስቴ "ጭንቅላትሽን ደፋ አድርጊ!" ብላ ስትጮህ ሰማኋት። አንዷ በሄልሜቷ ሥር ገብታ ዓይኗ አጠገብ ነደፈቻት። ያን ጊዜም መሪውን አልለቀቀችም፤ ፍሬን ይዛ ሞተሩን ዳር ወዳለው አሸዋ አስገባችው። ጎማው ተንሸራተተና በጎናችን ተጋደምን።

አሸዋው ለስላሳ ስለነበር አልተጎዳሁም፤ እግሬ ግን ከሞተሩ ሥር ቀረ። ልስበው ብሞክር እንቢ አለኝ። ሕጉን ሁሉ ረስቼ እየጮህኩ እወራጫለሁ። አክስቴ ጃኬቷን ከራሴ ጀምሮ አለበሰችኝና ጨለማ ሆነ። ጃኬቱ አጭር ነበር፤ እግሬ ውጭ ቀርቷል። ባዶ እጆቿን እግሬ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ስትዘረጋቸው ተሰማኝ። "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አሁን አነሳዋለሁ" ትላለች። ትንፋሿን ስትሰበስብ ሰማሁ፤ ከዚያ እንደ ወንድ ታግላ ሞተሩን ወደ ላይ ቀና አደረገችው። እግሬን ጎትቼ አወጣሁ። ጃኬቱን እንደተከናነብኩ እጄን ይዛኝ ቁልቁል ሮጥን።

የሚከተለን የንቦቹ ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድ አንድ የሙዝ ማሳ ደረስን። የማሳው ባለቤት፣ ኋላ ላይ የታምራት እናት እያልን የምንጠራቸው ሴትዮ፣ ሩጫችንን አይተው ነገሩ ገብቷቸዋል። ሲያቃጥሉት የነበረው ቆሻሻ ላይ እርጥብ የሙዝ ቅጠል ጨመሩበትና ጭሱ ተግተለተለ። ከጭሱ አጠገብ አስቀምጠውን የአክስቴን አንገትና እጅ በጥፍራቸው እየፋቁ መውጊያ ማውጣት ያዙ።

ያለፈልን መስሎኝ ነበር። አክስቴን ቀና ብዬ ሳያት ግን አላወቅኳትም። ከንፈሯ ተገልብጧል፣ ዓይኖቿ ተደፍነዋል፣ ደረቷ ላይ ቀይ ሽፍታ እየተስፋፋ ነው። ልትናገር ስትሞክር ድምጿ ታፍኖ ወጣ።

"ሰሊ፣ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ነው" አለችኝ። "መንገድ ላይ ውጪና ያገኘሽውን መኪና አስቁሚ። ሩጪ የኔ ልጅ።"

ሴትዮዋ አክስቴን ብቻዋን ትተው መሄድ አልቻሉም፤ ከጀርባዋ ሆነው ደግፈው ቀጥ አድርገው ይዘዋታል። የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ሰጡኝና "ተሸፈን! ተሸፈንና ሂድ! አትፍራ!" አሉኝ። ወንድና ሴት የማይለየው አማርኛቸው እንደ ወንድ ልጅ ያዘኝ፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩላቸው። ንቦቹ ያሉበት መንገድ ላይ ተመልሼ መውጣት ነበረብኝ። ነጠላውን ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተጠቅልዬ፣ በተውኳት ቀዳዳ በአንድ ዓይኔ እያየሁ መንገዱ መሃል ቆምኩ። አንዲት ንብ ነጠላው ላይ አርፋ ስትሄድ ጥላዋ ይታየኛል። አልተነቃነቅኩም። በሕይወቴ ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ የፈራሁት ደግሞ ንቧን ሳይሆን ወደ ኋላ ዞር ብዬ አክስቴን ማየት ነበር።

ሙዝ የጫነ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ መንገድ መሃል የተጠቀለለ ነገር ሲያይ ጥሩምባውን ነፋ፤ አልለቅም ስል ፍሬኑን ረገጠው። "አክስቴ ልትሞት ነው!" አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ዘሎ ወርዶ ከረዳቱ ጋር ተሸክመዋት ጋቢና አስገቧት። መንገዱን ሙሉ "አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን፣ ትንፋሽ ሳቢ፣ ደረስን" ይላታል። እኔ ያበጠ እጇን ይዤ በልቤ ጌታን እለምናለሁ። እሷ የምትሰጠው መልስ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሿ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ገና ሳንቆም ሹፌሩ ጮኾ ነርሷን አስወጣት። ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰቀሉላት። እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ሹፌሩ የጫነው ሙዝ ፀሐይ እየመታው አልሄደም፤ ደረጃው ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ልጆቹ ምን ምን እንደሚበሉ፣ የማይበሉትንም ይነግረኝ ጀመር። ምን እንደሚል ለራሱም አልገባውም መሰለኝ። ቆይቶ ነርሷ በሩን ከፈተችና "ግቢ፣ ትፈልግሻለች" አለችኝ። አክስቴ ዓይኗን መግለጥ ባትችልም ድምጿ ተመልሷል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አንቺን ስንት ቦታ ነደፉሽ?" ብላ ነው። እኔን እንዳልነኩኝ ስነግራት "ሞተሩን ማን አነሳው?" አለች። ነርሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ለቅሶ የጀመርኩት።

አባቴ ሲደርስ ከትከሻዋ ይልቅ ክንዶቿ ለምን እንደዚያ እንዳበጡ ጠየቀ። ጃኬቱ አጥሮ እግሬን በእጆቿ እንደሸፈነችው ነገርኩት። አባቴ ጸሎት ላይ ካልሆነ በቀር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

የጤና መኮንኑ ሰውነቷ ከእንግዲህ የንብ መርዝ እንደማይችል፣ ደግሞ ከተነደፈች ካሁኑም ሊብስባት እንደሚችል ነገራት። ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሞተሩ ጓሮ ላስቲክ ለብሶ ቆመ። አያቴ "እግዚአብሔር አስጠንቅቆሻል" ትላለች። አባቴ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ የምትሠራው ሥራ እንዲሰጧት ማመልከቻ እንድታስገባ ይለምናታል። አክስቴ አትከራከርም። ጠዋት ትነሳና ጓሮ ወጥታ ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ ሞተሩን ታስነሳለች፤ ትንሽ ታሞቀውና አጥፍታ ትመለሳለች። ባትሪው እንዳይሞት ነው ትለናለች። ግን ፊቷን አይ ነበር። ቤት ከዋለች ጀምሮ እንደ እንግዳ ነበር የምትቀመጠው፤ ወንበር ጫፍ ላይ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቀፎው ባለቤት አቶ ወንድሙ በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። በቆርቆሮ ማር ይዘዋል። ከኀፍረት የተነሳ መቀመጥ እንኳ አቃታቸው። አያቴ የማሩን ቆርቆሮ እንደ እባብ አየችው።

"ያው የነሱ ማር ነው" አሉ አቶ ወንድሙ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። "ብይና ተበቀያቸው ብዬ ነው።"

አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ አባቴን አሳቀው፣ በመጨረሻም አያቴን። ማሩን በዳቦ በላን። ሰውዬው ሊሄዱ ሲሉ፣ በእሷ ቦታ የተተካው ሰው መኪና እስኪያገኝ እየጠበቀ ላይ ድረስ እንደማይመጣ፣ የጎረቤታቸው በሬም እንደሞተ ነገሯት። እንድትመጣ አልጠየቋትም። በማግስቱ ግን ጓሮ ሆና ሞተሩን ስታስነሳ አላጠፋችውም።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። አክስቴ በዚያ ሙቀት እስከ አገጯ የሚቆለፍ ካፖርት ለብሳለች፣ ጓንት አድርጋለች፣ የሱሪዋን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከታለች። የታዘዘላትን መርፌና ክኒን ቦርሳዋ ውስጥ አሳየችው። ንብ ሳይነሳ በማለዳ እንደምትወጣ፣ አበባ በሚበዛበት ወቅት ቁልቁለቱን ትታ በሌላ መንገድ እንደምትዞር ነገረችው። አባቴ ቦርሳዋን ራሱ ዘጋላትና በሩን ከፈተላት። እኔም ሄልሜቴን ይዤ እየሮጥኩ ደረስኩ።

"አንቺ አትሄጂም ሰሊ" አለችኝ። አልተቆጣችም። "እኔ ብነደፍ አስብበታለሁ። አንቺ ከኋላዬ ካለሽ ግን ማሰብ አልችልም።"

ከዚያ በኋላ ከኋላዋ ተቀምጬ አላውቅም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ነዳች። ሁለት ጊዜ ተነድፋ መርፌዋን ራሷ ወግታ ጤና ጣቢያ እንደደረሰች የሰማነው ከሷ ሳይሆን ከነርሷ ነው።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ሆኗል። እኔም ልጆቼን መኪና ውስጥ ቀበቶ አስሬ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ማቀዝቀዣ ከፍቼ እሄድበታለሁ። ቶሎ እንደርሳለን፤ ግን የሽፈራው አበባ ይሸታል አይሸትም አላውቅም። ያኔ የሞተራችንን ድምፅ ሰምተው ከየግቢው እየሮጡ የሚወጡ ልጆች ነበሩ፤ አሁን ማን እንዳለፈ የሚለይ የለም። ልጆቼ ትንኝ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ያሳዝኑኛል።

ባለፈው አክስቴን ዘመድ ጥየቃ ወሰድኳት። ጉልበቷ ስለሚያማት ከፊት አስቀመጥኳት። ኩልፎን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ "መስኮቱን ክፈቺልኝ" አለችኝ።

"አክስቴ፣ ወቅቱ አበባ ነው እኮ። መርፌሽን ይዘሻል?"

ቦርሳዋን መታ መታ አደረገች። ትንሽ ዝቅ አደረግኩላት። በዚያች ክፍተት የገባው ነፋስ የነጠላዋን ጫፍ አነሳው። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ሙሉውን" አለችኝ።

ፍጥነቴን ቀነስኩና ሙሉውን ከፈትኩላት።