የአሜሪካን ምክር ቤት ለሽማግሌ ሰጠነው

አሜሪካ፣ ከዋና ከተማዋ ጥግ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወር ማኅበራችን በአንድ አባላችን ቤዝመንት በተሰበሰበ ቁጥር ጸሎቱ ያልቃል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ከዚያ ሁለት አዛውንት አባሎቻችን ክርክራቸውን ይጀምራሉ። ጩኸታቸው ጌይተርስበርግ ድረስ ይሰማል ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የሚሰማው ግማሽ መንገድ ላይ ያለው አስፐን ሂል ድረስ ብቻ ነው።

ሁለቱም በተማሪነታቸው በተቃራኒ ፓርቲ ተሰልፈው ሲፋጁ የነበሩ ናቸው። እዚህም መጥተው አንዳቸው አርማው አህያ የሆነውን ፓርቲ ያዙ፣ አንዳቸው ዝሆን የሆነውን። ፓርቲ ቀየሩ እንጂ ባላንጣ አልቀየሩም። ክርክራቸውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ አህያው ባለፈው ምክር ቤቱን ያዘ ሲባል፣ በእውነት የያዘው ለስንት ጊዜ ነው?

«ሁለት ዓመት ሙሉ!» ይላሉ ባለዝሆኑ። «ቤተ መንግሥቱም፣ ሁለቱ ምክር ቤቶችም በእጃቸው ነበሩ። ምን ሠሩ?»

«አንድም ቀን አልያዙትም!» ይላሉ ባለአህያው። «ላይኛው ምክር ቤት እኩል ለእኩል ነበር። ከራሳቸው ሰዎች ሁለቱ በስም እንጂ በልብ አልነበሩም። ትልቅ ሕግ ደግሞ ከመቶው ያለ ስድሳ ድምፅ አያልፍም፤ ስድሳ ከየት ይምጣ? የሰው ሚስት ፎቶ ኪሱ የያዘ ሁሉ አገባ ይባላል እንዴ?»

ለእኛ መዝናኛ ነበር። ለአንድ ሰው ግን አልነበረም። ከዋና ከተማዋ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ቤት ቀለም የሚቀባ ጓደኛ አለኝ። የጥገኝነት ኬዙ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል። ከዚህ አገር ከወጣ መመለሻ የለውም። አገር ቤት ጡት ሳትጥል ትቷት የመጣት ልጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እንደ እሱ ላሉት የመኖሪያ ወረቀት ይሰጣል የተባለው ሕግ እዚያው ምክር ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ።

አንድ እሑድ ጎኔ ተቀምጦ ክርክሩን ሲሰማ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እነዚህ ሰዎች ይቁረጡልኝ። ሁለት ዓመት ይዘውት ካላደረጉት መቼም አያደርጉትም፤ ልጄ ጋ ልሂድ። አንድም ቀን ካልያዙት ግን ገና አልሞከሩም ማለት ነው፤ ልጠብቅ።»

እኔ ቁም ነገር ሲመጣ ቀልድ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ። ተነስቼ «ሽማግሌ ይግባበታ!» አልኩ። ቤቱ ይስቃል ስል ቤቱ አጨበጨበ።

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ሶፋው ተለቀቀላቸው። አንደኛው የላይኛውና የታችኛው ምክር ቤት የአንድ ሕንጻ ፎቅና ምድር ይመስላቸዋል። ቢሆንም ሦስቱም ሁለቱን ተከራካሪዎች በየተራ አዳመጡና፣ እንደ ወጉ «እስቲ ወጣ በሉልን» አሏቸው። ሁለቱ ደጅ ድራይቭዌዩ ላይ፣ ከቆሙት መኪኖች መሐል ቆመው ክርክሩን ቀጠሉ። ጓደኛዬ ጠላውን ሳይቀምስ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል።

ተመልሰው ሲገቡ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አንተም ከሁለቱ ዓመት ቀንስ፣ አንተም ጨመር አድርግ። አንድ ዓመት ይሁን። በሉ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተሳሳሙ።»

ተሳሳሙ። እልል ተባለ። እኛ እንዲህ ነን፤ የወሰን ጠብም ይሁን ስድብ መሐል ለመሐል ቆርጠን እናስታርቃለን። ያለፈ ነገርም እንደ መሬት የሚቆረጥ መሰለን።

ጓደኛዬ ተነሳ። «አባቶቼ፣ ታዲያ እኔ ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

«አንተ ደግሞ በዚህ ውስጥ ምን አለህ ልጄ?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

ነገራቸው። እርቅ የማይሠራበት ነገር ሲገጥማቸው የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«እንግዲህ… እሱ ፈጣሪ ያውቃል» አሉ ትልቁ።

«ይጠብቅ እንጂ!» አሉ ባለአህያው። «በሚቀጥለው ምርጫ…»

«ምኑን ነው የሚጠብቀው? ሁለት ዓመት ሙሉ…» አሉ ባለዝሆኑ። የተሳሳሙበት ጉንጭ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

በእኔ መኪና ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰድኩት። ዋና ከተማዋን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ እሑድም ቢሆን ተዘጋግቷል፤ ከፊታችን ያለው መኪና እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ ይመስላል።

«አንድ ዓመት» አለ ለራሱ። «የእኔን ወረቀት ለመፈረም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር እኮ።»

ለቀብር ሳይቀር ቀልድ የማላጣ ሰው፣ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም። «ምናልባት በሚቀጥለው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተው በናትህ።»

ከፊታችን ያለው መኪና ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ ተከተልኩት።

«ባለፈው ሳምንት ለልጄ ደወልኩላት» አለ መስኮቱን እያየ። «‹አንቱ› አለችኝ። ምነው ብላት ‹ታዲያ ምን ልበልዎት?› አለችኝ። ለእንግዳ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ብሄድም አንቱ ነኝ፣ ብቆይም አንቱ ነኝ።»

በሩ ላይ አወረድኩት። በቀለም የተዥጎረጎረ የሥራ ልብሱን ከኋላ ወንበር አንስቶ ገባ። ሰኞ ሥራ ነበረው።