የነገሪ ትንሿ ጣት

ነገሪ አዲስ ነገር ሳያይ ማለፍ አይሆንለትም። መካኒሳ አቦ አካባቢ ጉድጓድ ከተቆፈረ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ መኪና ተበላሽቶ ከቆመ ኮፈኑ ሥር አንገቱን ያስገባል። ሥጋ ቆራጭነቱንም ያገኘው በዚሁ ዓይኑ ነው። በልጅነቱ የአባቱን ላሞች ወተት ከላፍቶ እያመጣ ሲሸጥ፣ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ አይቶ አይቶ ተማረው። ነገር በዓይን ይገባል ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ቆረጠ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ሥጋ ቤቱ በሰው በተጨናነቀበት ቅዳሜ፣ ቢላው ከእጁ ወደቀ። አነሳው፤ እንደገና ወደቀ። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ደንዝዘው ነበር። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ ላይመለስም ይችላል አለው። ነገሪ "ትንሽ ልረፍ" ብሎ ሽርጡን ሰቀለ፤ እውነቱን ግን ለማንም አልተነፈሰም። ቢላ መያዝ ያቃተው ቆራጭ ምን ሊባል ነው? ይህን እያሰበ ቤቱ ተከተተ።

መኩሪያ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ሚሳኤል ልብስ ሰፊ። ሁለቱም ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከነገሪ እጅ ቁርጥ የበሉ ባልንጀሮቹ ናቸው። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ስልካቸውን አላነሳም። በመጨረሻ መኩሪያ በሩን አንኳኳ።

"ለቡ መብራት ኃይል ጋ ሱሺ ቤት ተከፍቷል። ጥሬ ዓሣ ነው አሉ የሚያበሉት። ተነስ!"

ነገሪ አልሄድም ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ማን ነው የሚቆርጠው?"

ከሚሳኤል ጋር ሦስት ሆነው ሲደርሱ፣ ቆራጯ ዚነት የምትባል ወጣት ሆና ተገኘች። የምትሠራው እንደ ሥጋ ቤት በላተኛው ፊት ስለነበር ነገሪ ልክ ከፊቷ ያለውን ወንበር ያዘ። ዓሣው ከየት መጣ? ስንት ቀኑ ነው? አጥንቱስ የት ገባ? ልጅቷ ሳትሰለች መለሰችለት።

ሳህኑ ሲመጣ፣ ከሩዙና ከዓሣው ጎን አረንጓዴ ነገር ድብልብል ብሎ ተቀምጧል። መኩሪያ ፊቱ በራ። "ሰናፍጩንም አልረሱት!" አለ። ጥሬ ያለ ሰናፍጭ መቼ ይበላና! ሦስቱም ቁርጥ ላይ እንደለመዱት ዛቅ ዛቅ አደረጉ። ዚነት "ኧረ ቀስ!" ስትል አልፏል። ለካ ሰናፍጭ አልነበረም፤ ያ ዋሳቢ የሚሉት የጃፓን ጉድ በአፍንጫቸው ወጥቶ አናታቸው ላይ ደረሰ። ሚሳኤል ጠረጴዛውን ደበደበ፤ መኩሪያ የሚያውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራ።

ነገሪ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ ዓይኑ እንደ ልማዱ ሥራ ላይ ነበር። የዚነትን እጅ ያያል። እሱ ሠላሳ ዓመት ቢላ የያዘው ጨብጦ ነው፤ አምስቱም ጣት ጥብቅ ብሎ። እሷ ግን አመልካች ጣቷን በቢላው ጀርባ ላይ አጋድማ፣ ሳትጫን፣ አንዴ ብቻ ወደ ራሷ ትስበዋለች።

"ልጄ፣ ትንሿ ጣትሽ ምን ትሠራለች?" አላት።

ዚነት እጇን አየችው። "እሷ? ምንም። ዝም ብላ ትከተላለች።"

"ቢላሽን አንዴ ልያዘው?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ ቢላዬን ለሰው አልሰጥም።"

ነገሪ ደስ አለው። እሱም ሰጥቶ አያውቅም። ለመብያ ከተሰጡት ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንዱን አነሳና አመልካች ጣቱን አጋድሞ ወደ ራሱ ሳበው። አልወደቀም። ደግሞ ሳበው።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ሚሳኤል። "ሰናፍጩ ጭንቅላትህን ነካው እንዴ?"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የነገሪን ያወጣው ዋሳቢ ነው መሰለኝ።

"ሁለቱ ጣቶቼ አይሰሙኝም። ቢላ ይወድቅብኛል። ቆራጭነቴ አበቃ ብዬ ነው የሸሸኋችሁ" አለ። አሁን የሚያለቅሰው ከልቡ ነበር፤ አላፈረበትምም።

መኩሪያ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። "እኛ ደግሞ በምን አስቀየምነው እያልን ስንጨነቅ ከረምን! ዛሬ ያመጣንህ እኮ ልንታረቅህ ነው።"

ነገሪ ግን በእንጨቷ አየሩን እየቆረጠ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሥጋ ቤቱ ተመልሶ ሽርጡን አጠለቀ። የገዛ ቢላውን አነሳ፤ አመልካች ጣቱን ከላይ አጋደመ፤ ትንሿን ትከተል ብሎ ተዋት። ሳበ። ሥጋው ተቆረጠ፣ ግን አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ስስ። በሠላሳ ዓመት ቆራጭነቱ እንዲህ ያለ ቁርጥ ለሰው አቅርቦ አያውቅም።

መኩሪያ ሥጋውን አንስቶ አገላብጦ አየው። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የመጀመሪያዬ ነው" አለ ነገሪ። "ብላ።"