ጀልባዬ የሰመጠችበት የማርያም ዕለት

ዛሬ በገዛ እጄ የሠራኋት ጀልባ የመስኖ ግድባችን ውስጥ ከነእኔ ሰመጠች። ደግነቱ ውሃው እስከ ደረቴ ነበር።

ቀየት ከተማ ላይ የብረት በርና መስኮት ነው የምሠራው። ጀልባዋንም እንደ በር መጋጠሚያዋን ሙሉ ሳልዘጋ ነጥብ ነጥቡን ብቻ በየድኳት። በር ደግሞ ውሃ ላይ አይሄድ!

ግድቡ አጠገብ ማሳ ያላቸውን ገበሬ ጋሽ ደምሴን "በሬዎችዎን ጠምደው ጀልባዬን ያውጡልኝ፤ ስንት ልክፈል?" አልኳቸው።

"ዛሬ ማርያም ናት። በሬ አይጠመድም፣ ገንዘብም አልቀበልም" ብለው ከጎረቤቶቻቸው ጋር በገመድ ጎትተው አወጡልኝ።

እኔ ብልጡ ክፍተቱን የበር ቀዳዳ በምደፍንበት ስቱኮ ደፈንኩና ሳይደርቅ መልሼ ገፋኋት። አሁንም ሰመጠች።

ጋሽ ደምሴ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ፣ "የቅድሙ ስለ ማርያም ነው። ለአሁኑ ነገ በሬዎቼን ይዤ እመጣለሁ፤ አንተም ዋጋውን ይዘህ ጠብቀኝ" አሉኝ።

ከእናንተ መሃል አንድን ስህተት በአንድ ቀን ሁለቴ የሠራ ካለ ኮሜንት ላይ ያጽናናኝ።