ላልከፈለ የማይበራ መብራት

መኩሪያ በወጣትነቱ የባሕር መብራት ጠባቂ እንደነበር ሲያወራ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቹ ይስቃሉ። ባሕር በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ሥራ ከየት መጣ ይሉታል። ግን እውነቱን ነው። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሳለች፣ ከድንጋይና ከጨው በቀር ምንም በሌላት ደሴት ላይ፣ ማታ ማታ ማማ ላይ እየወጣ ለመርከቦች ያበራ ነበር።

የመብራቱን ነዳጅ ዋጋ የሚሸፍኑት ወደብ የሚገቡት ትልልቅ መርከቦች ናቸው፤ እንደየክብደታቸው ይከፍላሉ። ሳንቡክ የሚባሉት የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ምንም አይከፍሉም። በማማው ሥር ሲያልፉ ግን ወደ ላይ እየጮኹ ይመርቁታል። ቋንቋቸውን ባያውቅም ምርቃት መሆኑን ከድምፃቸው ይረዳ ነበር።

ጦርነቱ ሲበረታ መርከቦቹ ቀሩ፤ ክፍያውም ነዳጁም አብሮ ቀረ። በርሜሉ ውስጥ የተረፈችው ጥቂት ነዳጅ ለሚከፍል መርከብ ትቀመጥ አለ አለቃው። በዚያው ሰሞን፣ መኩሪያ እንደታዘዘው ሳያበራ ባመሸበት ሌሊት፣ አንድ ሳንቡክ በጨለማ ከቋጥኙ ጋር ተላተመ። መኩሪያ የሚጮኹትን ሰዎች ድምፅ ለየው፤ እነዚያው የሚመርቁት ነበሩ። ሲነጋ ባሕሩ ማንንም እንዳልዋጠ ሆኖ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ከዓመታት በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ ስለ ደረጃው መብራት ስብሰባ ጠራ። ምድር ላይ ሱቅ ያለው ለታ የሚባል ጎረቤት፣ እኔ ለማልወጣው ደረጃ ለምን እከፍላለሁ ብሎ ሞገተ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ከላይ ያለው ይበልጥ ያዋጣ አሉ። ሰብሳቢዋ አሰገደች ጭቅጭቁ ሲሰለቻት መላ አመጣች፤ የጋራው አምፖል ይነሣና ሁሉም በየበሩ የራሱን ይስቀል፣ ማብሪያው ከቤት ውስጥ ይሁን፣ የቤቱ ሰው ሲመጣ ደውሎ ያስበራ። መኩሪያ መብራት የሚጠቅመው ለከፈለው ብቻ አይደለም ሊል ተነሣ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እዚህ እኮ መርከብ የለም» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ስልክ ይጠራል፣ አንድ ፎቅ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ይጨልማል። መኩሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከበሩ ጀርባ ተቀምጦ ያዳምጣል። ማንም ሳይደውል ግድግዳ እየዳበሰ የሚወጣ እርጥብ ኮቴ ይሰማዋል። ደጁ ሲደርስ ይቆማል። መኩሪያም እጁን ማብሪያው ላይ እንዳሳረፈ ይቆማል። ቢያበራ እነማንን እንደሚያይ ያውቃልና አያበራም።

አንድ ምሽት ያው ኮቴ ደጁ ሊደርስ ሲል ተንሸራተተ። ከባድ ነገር እየተንከባለለ ወረደ፤ ሰው አቃሰተ። መኩሪያ ዓይኑን ጨፍኖ አበራና በሩን ከፈተ። ሲገልጠው ደረጃው በውኃ ርሷል፤ ለታ ተዘርሯል። ውኃ በመጥፋቱ አራተኛ ፎቅ ለአሰገደች ጀሪካን ሊያደርስላት ሲወጣ ነው የወደቀው። ከግንባሩ ደም ይወርዳል።

«ያጥፉት ጋሼ፣ እኔ አልከፈልኩም» አለ። ለመቀለድ ብሎ ነው።

መኩሪያ ወርዶ ደገፈው። ከዚህ ቀደምም ሲወጣ የነበረው እሱ እንደሆነ ጠየቀው። ለታ ግራ ገብቶት አየው፤ ደረጃውን ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በማግስቱ መኩሪያ ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠርቶ ማብሪያውን ከቤቱ አስነቀለና ደረጃው ግድግዳ ላይ አስተከለው፤ ያለፈ ሁሉ ይጫነው ብሎ። አሰገደች ቆጣሪው የራስዎ መሆኑን አይርሱ አለችው።

አሁን ወጪ ወራጁ እያበራ ያልፋል። አልፎ አልፎ ምንም ኮቴ ሳይሰማ መብራቱ ይበራና በበሩ ሥር ብርሃን ይገባል። መኩሪያ ማን እንደሆነ ተነሥቶ አያይም።